የተጠገነ ጎማ ስንት ይሮጣል?

ለሊቨርፑል ደጋፊ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም (ጁላይ 3 ቀን 2025) የማይረሳ ጥቁር ሐሙስ ነው። ዲዮጎ ጆታ ከክለቡ ጋር የፕሪሚየር ሊጉን፣ ከፖርቱጋል ጋር ደግሞ የኔሽንስ ሊጉን ዋንጫ ባነሳበት ዓመት፣ በተሞሸረ በ11ኛው ቀን ስፔን ውስጥ በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው ገና 28 ነበር። አብሮት የነበረው ወንድሙ አንድሬ ሲልቫም በ25 ዓመቱ ተቀጠፈ። ጆታ ቀላል የሳንባ ሕክምና አድርጎ ስለነበር ሐኪሞች በአውሮፕላን እንዳይሄድ መክረውታል። እናም በመኪና ሳንታንደር ደርሶ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሊሻገር ነበር ሐሳቡ።

አልሆነም። በዛሞራ ግዛት ኤ-52 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላምቦርጊኒዋ ከመንገድ ወጥታ በእሳት ተያያዘች። የስፔን ፖሊስ በመጀመሪያው መግለጫው መኪናዋ ሌላ ተሽከርካሪ ስትቀድም ጎማዋ ሳይፈነዳ እንዳልቀረ ተናገረ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ምርመራው ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ መነዳቷን እንደሚጠቁም ገለጸ። ጎማው ቀድሞ የተጎዳ ወይም የተጠገነ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን ጎማና ፍጥነት አንድ ላይ ሲነሱ ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። አንድ መኪና መሬት የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም የእጅ መዳፍ ያህል ቢሆን ነው። ታዲያ ከአራቱ አንዱ የተለጠፈ ወይም የተበየደ ከሆነ መኪናው ስንት መሮጥ ይችላል?

ኪሚ የከፈለው ዋጋ

መልሱን ለማግኘት ጎማን ከማንም በላይ ወደሚያውቁት የፎርሙላ ዋን ሰዎች ጎራ ማለት ይበጃል። ሜይ 29 ቀን 2005 ነው። ቦታው የጀርመኑ ኑርበርግሪንግ። በዚያ ዓመት ደንብ መሠረት በአንድ ጎማ ማጣሪያውንም ውድድሩንም መጨረስ ግድ ነበር፤ መቀየር የሚቻለው ጎማው ከተነፈሰ ወይም ከተጎዳ ብቻ ነው።

የማክላረኑ ኪሚ ራይኮነን እየመራ ሳለ ዣክ ቪልኔቭን ደርቦ ሲያልፍ ፍሬን አጥብቆ ያዘና የፊት ቀኝ ጎማውን ቆለፈው። ጎማው መሬት ላይ እየተጎተተ አንድ ቦታ ተፋቀና ጠፍጣፋ ሆነ። ከዚያ በኋላ መኪናው መንዘፍዘፍ ጀመረ። ዙር በተጨመረ ቁጥር ንዝረቱ ባሰ፤ ፊንላንዳዊው ከፊቱ ያለውን አጥርቶ ማየት እስኪቸገር ድረስ። ማክላረኖች ከባድ ምርጫ ገጠማቸው። ገብተው ቢቀይሩ መሪነቱ ይሄዳል፤ ከኋላ ፈርናንዶ አሎንሶ እየደረሰ ነው። "ትንሽ ነው የቀረው፣ ይቀጥል" የሚለው አመዘነ።

የመጨረሻው ዙር እንደተጀመረ፣ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ኪሚ ፍሬን ሲይዝ ጎማውን የሚሸከመው ብረት ተሰበረ። መኪናው እየተሽከረከረ ወጣ፤ ጄንሰን በተንን ለጥቂት ነው የሳተው። ኪሚ በሕይወት ወረደ። አሎንሶ 10 ነጥቡን ወሰደ፤ በዓመቱ መጨረሻም ዋንጫውን አነሳ። ልብ በሉ፣ ቀድሞ የተሰበረው ጎማው አይደለም። የጎማው ትንሽ ጉዳት በፍጥነት ተባዝቶ ደህናውን ብረት ሰበረው። ከውድድሩ በኋላ የሞተር ስፖርቱ የበላይ አካል ለአደጋ የሚያሰጋ ጎማ መቀየር እንደሚፈቀድ ግልጽ አደረገ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የባሰ መጣ። በዓርቡ ልምምድ የራልፍ ሹማከር ጎማ ከባዱ 13ኛ ኩርባ ላይ ተበላሽቶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ሚሸሊን ኩባንያ በዚያ ኩርባ ፍጥነት ካልተቀነሰ ለጎማው ደህንነት ዋስትና እንደማይሰጥ አሳወቀ። እሑድ ዕለት በሚሸሊን የሚሮጡት 14 መኪኖች ከማሟሟቂያው ዙር በኋላ ወደ ጋራዥ ገቡ፤ ውድድሩ በ6 መኪና ብቻ ተካሄደ። ተመልካቹ በጩኸት ተቃወመ። አዎ፣ ያሳፍራል። ግን ማንም አልሞተም።

ጎሚስታው ጋ ሲኬድ

ፎርሙላ ዋን ላይ የተነፈሰ ጎማ ለጥፎ መሮጥ የሚባል ነገር የለም። ይቀየራል፣ አለቀ። ማክላረን በ2023 ኳታር ላይ አራቱንም ጎማ በ1.80 ሰከንድ ቀይሯል። ተራው ሰው ግን ጎማ በተነፈሰ ቁጥር አዲስ አይገዛም፤ ጎሚስታ ጋ ሄዶ ያስለጥፋል። ይህ ጥፋት አይደለም። በአግባቡ የተለጠፈ ጎማ በመደበኛ ፍጥነት ብዙ ያገለግላል።

"በአግባቡ" ማለት ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ ቀዳዳው መሬት በሚነካው የጎማው መሀል ላይ መሆን አለበት፤ ስፋቱም ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ጎኑ ከተቀደደ ጥገና የሚባል ነገር የለም፤ የጎማው ጎን ሁልጊዜ የሚተጣጠፍ ስለሆነ ልጣፊው አይጸናም። ሁለተኛ፣ ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ውስጡ መታየት አለበት። አየር ሳይኖረው የተነዳ ጎማ ውስጡ ይፈጫል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። ሦስተኛ፣ ቀዳዳው መደፈንም፣ ከውስጥ መለጠፍም አለበት። ጎማው ሳይወልቅ ከውጭ ገመድ መሳይ ላስቲክ ጠቅጥቆ መሄድ ቤት ለመድረስ ያህል ነው። ቀዳዳ የሚዘጋው ፈሳሽም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ተብሎ ነው የሚሸጠው።

ዋናው ነጥብ ግን እዚህ ላይ ነው። በየጎማው ጎን የፍጥነት ምልክት አለ፤ ኤች ማለት 210፣ ቪ 240፣ ዋይ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። አንዳንድ አምራቾች ጎማው ከተጠገነ በኋላ ይህ ምልክት እንደማይሠራ ይናገራሉ። ለምን? በ240 የሚበር መኪና ጎማ በአንድ ሰከንድ 33 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጎማውን ወደ ውጭ የሚገነጥለው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱም አለ። በ60 ያልታየች ጉድለት በ200 ትገለጣለች።

ቸርኬውስ?

ቸርኬ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎማ ሲተነፍስ ይታያል፣ ቸርኬ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ ነው የሚከዳው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ በተሰጠው ሙቀት ነው። ሲሰነጠቅ ሲበየድ ወይም ሲጣመም በእሳት ሲቃና ያ ጥንካሬ በዙሪያው ይሟሟል። ብየዳው ራሱ ቢጸና እንኳ ጎኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጭረት ማስቀባት ሌላ፣ ስንጥቅ አስበይዶ መብረር ሌላ።

ጎማ ሳይነካም ያረጃል። የፊልም ተዋናዩ ፖል ዎከር በኖቬምበር 2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጓደኛው በሚነዳት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ሲሞት፣ መርማሪዎች ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው አሉ፤ የመኪናዋ ጎማዎች ግን የ9 ዓመት ዕድሜ እንደነበራቸው አልሸሸጉም። ዕድሜውን ለማወቅ ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ማየት ነው፤ 2219 ካለ በ2019 በ22ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

የእግር ኳስ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የተጎዳ አጥቂ ሕመም ማስታገሻ ተወግቶ ሜዳ ሲገባ ስንት ጊዜ ታይቷል? ይራመዳል፣ ኳስ ያቀብላል፣ ደህና ይመስላል። አንዷን ረጅም ኳስ ተከትሎ ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ ሲሮጥ ግን እግሩን ይዞ ይወድቃል። እሱን ቀይረው ያወጡታል። በ200 የሚበር መኪና ውስጥ ግን ተቀያሪ ወንበር የለም።