እውነት ወይስ ተረት? የተነቀሰ ሙዚቀኛ ኦርኬስትራ አይቀጥረውም?

ቫዮሊን ወይም ቼሎ የሚማሩ ወጣቶች «ክንድህን ከተነቀስክ ኦርኬስትራን እርሳው» ሲባሉ ይሰማል። ተሰጥኦ ያለው ልጅ በዚህ ወሬ ሲሸማቀቅ ማየት ያሳዝናል፤ አብዛኛው ተረት ነውና።

ተረት፦ ዳኞች ንቅሳቱን እንዳዩ ይጥሉታል።

እውነት፦ በአሜሪካ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ዙር ፈተና፣ ዳኞቹ ተፈታኙን አያዩትም። የቦስተን ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1952 የጀመረው አሠራር ከ1970ዎቹ ወዲህ ተስፋፍቷል፦ በመድረኩና በዳኞቹ መካከል መጋረጃ ይዘረጋል፤ ተፈታኙ በስሙ ሳይሆን በቁጥር ይጠራል። ኮቴው ሴት ይሁን ወንድ እንዳያሳብቅበት ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ጥያቄ ቢኖረው እንኳ ድምፁን ለዳኞቹ አያሰማም፤ አጠገቡ ለቆመው ሠራተኛ በሹክሹክታ ይነግረዋል። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መጋረጃው እስከ መጨረሻው ዙር አይነሳም። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ግን ያለ መጋረጃ ይፈትናል።

ተረት፦ የኦፔራ ዘፋኙን ኒኪቲንን ከሥራ ያስወጣው መነቀሱ ነው።

እውነት፦ ሩሲያዊው ዘፋኝ የቭጌኒ ኒኪቲን እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመኑ የባይሮይት ፌስቲቫል በዋግነር ኦፔራ «በራሪው ሆላንዳዊ» መሪውን ሚና ሊዘፍን ተመርጦ ነበር። መክፈቻው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሚናውን ለቀቀ። በሮክ ባንድ ከበሮ ሲመታ የተቀረጸ የቆየ ቪዲዮ ደረቱ ላይ ስዋስቲካ የመሰለ ምልክት አሳይቶ ነበር። ሂትለር ይመላለስበት የነበረ፣ ያንን ታሪክ ዛሬም የተሸከመ ፌስቲቫል ይህን በዝምታ ሊያልፈው አይችልም ነበር፤ ባያልፈውም ትክክል ነው። ጉዳዩ ግን የምልክቱ እንጂ የመነቀስ አልነበረም። ኒኪቲን በ2013 መጀመሪያ በሜትሮፖሊታን «ፓርሲፋል» ላይ ክሊንግዞርን ሆኖ ዘፍኗል። የዚያው ቤት የሙዚቃ ዳይሬክተር ያኒክ ኔዜ-ሴጋንም ትከሻው ላይ ኤሊ ተነቅሷል።

ተረት፦ የኦፔራ ዘፋኝ ከተነቀሰ ማንኛውንም ገጸ ባሕርይ መጫወት አይችልም።

እውነት፦ ሜካፕና አልባሳት ይሸፍኑታል።

ተረት ያልሆነውም መነገር አለበት። ትከሻና ክንድ በረጅም እጅጌ ጥቁር የኮንሰርት ልብስ ይሸፈናሉ፤ አንገትና የእጅ መዳፍ ጀርባ ግን ሁልጊዜ ይታያሉ። በሠርግና በግብዣ ተጫውቶ ለሚያድር ሙዚቀኛ የደንበኛው ዓይን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ቫዮሊን የሚያርፍበት የግራ አንገት ቆዳ ደግሞ ያለ ንቅሳትም ሊላላጥ ይችላል፤ አዲስ የንቅሳት ቁስል ሲጨመርበት መለማመድ ያስቸግራል።

ስለዚህ ልትነቀሱ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ፈተና ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት አታድርጉት። አንገትና እጅን በተመለከተ ደግሞ የምታመለክቱበትን ኦርኬስትራ የአለባበስ ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ።