ሰውነቱ አንሶ ከበሮው የገነነው ቺክ ዌብ
ሰውን በቁመቱና በአካሉ ጥንካሬ መገመት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ግምት ምን ያህል ከንቱ እንደ ሆነ ከሚያስረዱት ሰዎች አንዱ፥ በአሜሪካ አገር የስዊንግ ሙዚቃ በገነነበት ዘመን የኖረው የከበሮ መቺና የባንድ መሪ ቺክ ዌብ ነው። ዕድሜው አጭር፥ ሰውነቱም ደካማ ነበር፤ ሥራው ግን እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ዊሊያም ሄንሪ ዌብ የተወለደው በባልቲሞር ከተማ ነው። ገና በልጅነቱ የቲቢ በሽታ አከርካሪውን ስለ ጎዳው ጀርባው ጎበጠ፤ እድገቱም ተገታ። «ቺክ» ማለት ጫጩት ማለት ሲሆን፥ ይህ ቅጽል ስም የወጣለት ከቁመቱ ማጠር የተነሣ ነው። ጋዜጣ እያዞረ በመሸጥ ባጠራቀመው ገንዘብ ከበሮ ገዛ፤ ከዚያም በወጣትነቱ ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ በ1926 ዓ. ም. የራሱን ባንድ አቋቋመ።

በዚያው ዓመት በሐርለም ሰፈር፥ በሌኖክስ ጎዳና፥ ሳቮይ የተባለው ትልቅ የዳንስ አዳራሽ ተከፈተ። በአገሪቱ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚኖርበት በዚያ ዘመን፥ በሳቮይ ወለል ላይ ሁለቱም ባንድነት ይደንሱ ነበር። የቺክ ዌብም ባንድ ከ1931 ዓ. ም. ጀምሮ የዚህ አዳራሽ ዋና ባንድ ሆነ።

ስዊንግ ማለት በትልቅ ባንድ የሚጫወቱት የጃዝ ዓይነት ነው። ትራምፔትና ትሮምቦን በአንድ ወገን፥ ሳክስፎንና ክላሪኔት በሌላ ወገን ሆነው፥ እንደ ተቀባይና አውራጅ እየተመላለሱ ይጫወታሉ። ይህን ሁሉ መሣሪያ አንድ አድርጎ የሚነዳው ከበሮው ነው። ከበሮው ከተዛነፈ ባንዱም ይዛነፋል፤ ዳንሰኛውም እግሩ ይታሰራል። ቺክ ዌብ ለቁመቱ በተሠራ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ተቀምጦ፥ እግሩ እንዲደርስ ተስተካክሎ የተዘጋጀለትን ትልቅ ከበሮ እየመታ፥ የጀርባው ሕመም እየጠዘጠዘው ባንዱን ይመራ ነበር። ኖታ ማንበብ አያውቅም ይባላል፤ ነገር ግን የባንዱን ዜማ ሁሉ በቃሉ ይዞ የተሳሳተውን ወዲያው ያርም እንደ ነበረ ይነገርለታል።

የሆነ ሆኖ ዝናው ከሥራው ጋር እኩል አልተራመደም። የባንዱ አባል ኤድጋር ሳምፕሰን የደረሰውን «ስቶምፒን አት ዘ ሳቮይ» የተባለውን ዜማ ዌብ በ1934 ዓ. ም. በሸክላ አስቀረጸው፤ በመላው አሜሪካ የታወቀው ግን ነጩ የባንድ መሪ ቤኒ ጉድማን በ1936 ዓ. ም. ባስቀረጸው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ታላላቁ ሆቴልና የራዲዮ ፕሮግራም በይበልጥ ለነጮች ባንድ ክፍት ስለ ነበረ፥ አንዱ የዘራውን ሌላው ማጨዱ የተለመደ ነበር።

ታዲያ ሁለቱ ባንዶች ግንቦት 11 ቀን 1937 ዓ. ም. በሳቮይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አዳራሹን ሞላው፤ በሺህ የሚቆጠርም መግቢያ አጥቶ በውጭ ቀረ። በጉድማን በኩል ከበሮውን የያዘው በዘመኑ እጅግ ዝነኛ የነበረው ጂን ክሩፓ ነበር። ሌሊቱን ሲፎካከሩ አምሽተው ድሉ የዌብ ሆነ። ክሩፓም ሽንፈቱን ሳይሸሽግ፥ ድል ላደረገው ሰው ያለውን አክብሮት ገለጠ። ያን ቀን በአዳራሹ የነበረው ሕዝብ የዜማው ባለቤት ማን እንደ ሆነ በጆሮው ሰማ።

ከዌብ ሥራዎች ሁሉ ግን ከፍ የሚለው ለአንዲት ወጣት ያደረገው ነው። ኤላ ፊትዝጀራልድ እናቷን በሞት አጥታ በኒውዮርክ መንገድ የተንከራተተች ልጅ ስትሆን፥ በ1934 ዓ. ም. በአፖሎ ቴያትር የጀማሪዎች ውድድር አሸንፋ ነበር። ዌብ መጀመሪያ መልኳንና አለባበሷን አይቶ አመነታ፤ ድምፅዋን በሰማ ጊዜ ግን በ1935 ዓ. ም. ከባንዱ ጋር አሰለፋት። በመልኩ ሲመዘን የኖረ ሰው ራሱ በመልክ ለመመዘን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ጆሮው ግን አዳነው። በ1938 ዓ. ም. ከልጆች ዘፈን ተነሥታ ያዘጋጀችው «ኤ ቲስኬት ኤ ታስኬት» አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ባንዱም በመጨረሻ ተገቢውን ዝና አገኘ።

ጌታው ግን ዝናውን ብዙ አልቀመሰውም። ሕመሙ ጠንቶበት በተወለደበት በባልቲሞር፥ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ሰኔ 16 ቀን 1939 ዓ. ም. አረፈ። ኤላም ባንዱን በስሟ ተረክባ እስከ 1942 ዓ. ም. መራችው፤ ከዚያም ለብቻዋ እየዘፈነች በ1996 ዓ. ም. እስካረፈችበት ቀን ድረስ በዓለም የታወቀች ሆነች።

ሳቮይ በ1958 ዓ. ም. ተዘግቶ በኋላ ፈርሷል። በባልቲሞር ግን በ1947 ዓ. ም. ለወጣቶች የተከፈተ የመዝናኛ ማዕከል በስሙ ተሰየመ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንደሚባለው፥ ጋዜጣ እያዞረ ከበሮ የገዛው ልጅ ስም በአደገባት ከተማ ለሌሎች ልጆች መሰብሰቢያ ሆነ። ቁመቱን የለኩት ብዙዎች ነበሩ፤ የከበሮውን ድምፅ ግን ለክቶ የጨረሰው የለም።