አማካይ ነጥብ ብቻውን ምን ይነግረናል? የወጣቶች ቅርጫት ኳስ በስታቲስቲክስ ዓይን

ባለፈው ዓመት በዲፓርትመንቶች መካከል በተካሄደው የቅርጫት ኳስ ውድድር ላይ መዝጋቢ ሆኜ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ የተጫዋቾችን ስም ደርድሮ ማን ስንት እንዳገባ ጭረት እያደረጉ መቁጠር። ውድድሩ ሲያልቅ የእያንዳንዱን ነጥብ ለጨዋታው ብዛት አካፈልኩና ከብዙ ወደ ጥቂት አሰልፌ አስረከብኩ። የኮሌጁ ቡድን ሲመረጥ የታየው ያ ወረቀት ነው። ሜዳ ላይ ሁሉም "ያለ እሱ ቡድኑ አይንቀሳቀስም" የሚለው አንድ ልጅ ከዝርዝሩ ግርጌ ስለነበር ቀረ። ሲያገኘኝ "አንተ እኮ ነህ የጣልከኝ" አለኝ እየሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን "ማን ብዙ አገባ?" ለሚለው እንጂ "ማን ይጠቅማል?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በዓለም አቀፍ የወጣቶች ውድድሮች ላይ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ ጀመርኩ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ያገኘሁትን ለማካፈል እሞክራለሁ። ምሳሌዬ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) የሚያዘጋጀው ከ19 ዓመት በታች የወንዶች የዓለም ዋንጫ ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1979 ብራዚል ውስጥ ተጀመረ። አሁን በየሁለት ዓመቱ 16 ቡድኖች ይሳተፉበታል፤ እያንዳንዱም ቡድን 7 ጨዋታ ያደርጋል። ይህችን 7 ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ምን ምን ይመዘገባል?

ከነጥብ ሌላ ሪባውንድ (ከቀለበቱ የተመለሰን ኳስ መያዝ)፣ አሲስት (ለግብ ያበቃ ቅብብል)፣ ስቲል (ኳስ መንጠቅ)፣ ብሎክ (ውርወራን አየር ላይ ማገድ)፣ ተርንኦቨር (ኳስን በከንቱ ለባላጋራ መስጠት)፣ እንዲሁም የተሞከረና የገባ ውርወራ ሁሉ በየሰከንዱ ይመዘገባል። ከዚያ ፊባ ሁሉንም አጠቃሎ "ኤፊሸንሲ" የሚባል አንድ ቁጥር ያወጣል። ቀመሩ ይህ ነው፦ ነጥብ + ሪባውንድ + አሲስት + ስቲል + ብሎክ፣ ሲቀነስ የሳተ የሜዳ ውርወራ፣ የሳተ ነጻ ውርወራና ተርንኦቨር።

ሁለት ተጫዋቾችን በምሳሌ እንይ። የመጀመሪያው 20 ነጥብ፣ 4 ሪባውንድ፣ 1 አሲስትና 1 ስቲል አለው፤ ነገር ግን 13 የሜዳ ውርወራና 2 ነጻ ውርወራ ስቷል፣ 4 ኳስም አስነጥቋል። 26 ሲቀነስ 19፣ ውጤቱ 7 ነው። ሁለተኛው ያገባው 9 ነጥብ ብቻ ነው፤ ግን 8 ሪባውንድ፣ 6 አሲስት፣ 2 ስቲልና 1 ብሎክ አለው፤ የሳተው 3፣ ያስነጠቀው 1 ነው። 26 ሲቀነስ 4፣ ውጤቱ 22። በእኔ ወረቀት ላይ ግን የመጀመሪያው አናት ላይ፣ ሁለተኛው ግርጌ ይሆኑ ነበር።

ታዲያ ኤፊሸንሲ ሁሉን ፈታ ማለት ነው? አይደለም። ባለሁለት ነጥብ ውርወራን የሚያገባ ሰው የማግባት ዕድሉ p ቢሆን፣ አንድ ውርወራ በአማካይ የሚጨምርለት 2p − (1 − p)፣ ማለትም 3p − 1 ነው። ስለዚህ ከሦስት አንዱን ብቻ ከሚያገባበት መጠን ትንሽ ከፍ ካለ፣ በወረወረ ቁጥር ኤፊሸንሲው ይጨምራል። በባለሦስት ነጥብ ደግሞ 4p − 1 ስለሆነ ከአራት አንዱ ይበቃዋል። ከአራት ውርወራ ሦስቱን የሚስት ሰው ቡድኑን እንደሚጎዳ ማንም ያውቃል፤ ቀመሩ ግን አይቀጣውም።

ሰባት ጨዋታ ስንት ነው?

አሁን ወደ 7 ቁጥር እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2017 ካይሮ ላይ ካናዳ ዋንጫውን ስትወስድ አርጄ ባሬት በአማካይ 21.6 ነጥብ አስመዝግቦ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በግማሽ ፍጻሜው አሜሪካን 99 ለ 87 ሲያሸንፉ ብቻውን 38 ነጥብ አገባ። ያችን አንድ ጨዋታ አውጥተን ብናሰላ አማካዩ ወደ 18.8 ይወርዳል። ልጁ ጎበዝ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ግን አንድ ምሽት አማካዩን ወደ 3 ነጥብ ገደማ ማንቀሳቀሱን ልብ በሉ።

ክፍል ውስጥ በተማርነው እንፈትሸው። አንድ ተጫዋች በ7 ጨዋታ አማካዩ 15፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽኑ 8 ነው እንበል። ስታንዳርድ ኤረሩ 8ን ለ7 ስኩዌር ሩት ስናካፍል 3.02 ይሆናል። በ6 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም የቲ ዋጋ 2.447 ስለሆነ የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ7.6 እስከ 22.4 ይዘረጋል። ተራ ተጫዋችም ኮከብም በዚህ ውስጥ ይገባሉ! ከ20 ባለሦስት ነጥብ ውርወራ 9 ያገባ፣ ማለትም 45 በመቶ ያለውም ቢሆን ክልሉ በግምት ከ23 እስከ 67 በመቶ ነው።

ቡድንንስ?

ብዙ ነጥብ የሚያገባ ቡድን ሁሉ ጥሩ አጥቂ አይደለም፤ ፈጥኖ ስለሚጫወት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች የማጥቃት ተራን ይቆጥራሉ፦ የሜዳ ውርወራ ሙከራ + 0.44 × ነጻ ውርወራ − የማጥቃት ሪባውንድ + ተርንኦቨር። አንድ ቡድን 70 ወርውሮ፣ 20 ነጻ ውርወራ አግኝቶ፣ 12 የማጥቃት ሪባውንድ ይዞ፣ 15 ኳስ አስነጥቆ 80 ነጥብ ቢያገባ 81.8 ተራ ተጠቅሟል፤ በ100 ተራ 97.8 ነጥብ ማለት ነው። ሌላው 60 ወርውሮ፣ 15 ነጻ ውርወራ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድና 12 ተርንኦቨር ኖሮት 72 ቢያገባ፣ በ68.6 ተራ ስለሆነ በ100 ተራ 105 ይሆናል። 80 ያገባው ሳይሆን 72 ያገባው ነው የተሻለ አጥቂ።

የቡድን ጥንካሬ የግለሰቡንም ቁጥር ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ላትቪያ ውስጥ አሜሪካ ፈረንሳይን 83 ለ 81 አሸንፋ ዋንጫ ስትወስድ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ቼት ሆልምግረን አማካዩ 11.9 ነጥብ ብቻ ነበር። ቡድኑ በኮከቦች የተሞላ ስለሆነ ኳሱም ደቂቃውም ይካፈላል። በዚያው ፍጻሜ የተሸነፈው የፈረንሳዩ ቪክቶር ዌምባንያማ 22 ነጥብ፣ 8 ሪባውንድና 8 ብሎክ ነበረው። አንዱ 19 ዓመቱ፣ ሌላው 17 ነበር። በዚህ ዕድሜ ሁለት ዓመት ትልቅ ልዩነት ነው፤ የአማካይ ሠንጠረዡ ግን ዕድሜ የሚባል ዓምድ የለውም።

ከሠንጠረዡ ውጭ

ለእኔ ትልቁ ትምህርት እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የፕራግ ውድድር ነው። ምርጥ ተጫዋች የተባለው አሜሪካዊው አሮን ጎርደን ነበር። በፍጻሜው በተሸነፈው የሰርቢያ ቡድን ውስጥ ከምርጥ አምስቱ ያልተካተተ አንድ ልጅ ነበር፤ ኒኮላ ዮኪች። በ2014 የኤንቢኤ ምርጫ 41ኛ ሆኖ ተወሰደ። በ2021፣ በ2022 እና በ2024 ግን የኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በ2023ም ከዚያው ከጎርደን ጋር በዴንቨር ማሊያ ሻምፒዮን ሆኑ። የ2013ቱ መዝጋቢዎች አልተሳሳቱም። ጥቂት ጨዋታ ስለ 18 ዓመት ልጅ ነገ የሚናገረው ትንሽ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ቁጥር እንጣል እያልኩ አይደለም፤ የስታቲስቲክስ ተማሪ ሆኜ እንዴት እላለሁ? የምለው አማካይ ስንሰጥ የጨዋታውን ብዛት፣ የተጫወተበትን ደቂቃና መዋዠቁን አብረን እንስጥ ነው። በዘንድሮው ውድድር መዝጋቢ ከሆንኩ ወረቀቴ ላይ አሲስት፣ ሪባውንድና ተርንኦቨር ዓምድ ይኖራቸዋል። ግርጌው ላይ ደግሞ "ይህ የጥቂት ጨዋታ ውጤት ነው፤ ልጆቹን ሜዳ ላይም እዩአቸው" ብዬ እጽፍበታለሁ። ያንን ልጅ አይመልሰውም፤ ለሚቀጥለው ግን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።