የሚያነባ ዓይንም ሊደርቅ ይችላል፤ የዓይን ድርቀትን በቤት ውስጥ እንዴት ማስታገስ ይቻላል?

በበጋው ወራት ነፋስና አቧራ ሲበረታ ዓይናቸው አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁራቸው፣ የሚያቃጥላቸውና ወደ ማታ ሲኾን የሚቀላባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ “አቧራ ገብቶብኝ ነው” ብለው ያልፉታል። ሌሎች ደግሞ ወደ መድኃኒት መደብር ጎራ ብለው ያገኙትን ጠብታ ይገዛሉ። ይህ ስሜት ሲደጋገም ግን ብዙ ጊዜ መንስኤው የዓይን ድርቀት ነው። ሕመሙ በአብዛኛው በቀላል የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ይታገሣል፤ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚጨመር ጠብታ ግን ብርሃንን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል።

እንባ ውኃ ብቻ አይደለም

እንባ የዓይንን ገጽ የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ነው። ከሥሩ ሽፋኑን ከዓይን ጋር የሚያያይዝ ዝልግልግ ንጥረ ነገር አለ። አብዛኛውን ድርሻ የሚይዘው ውኃማው ክፍል ነው። ከላይ ደግሞ ውኃው ቶሎ እንዳይተን የሚከላከል ስስ ቅባት ይገኛል። ይህን ቅባት የሚያመነጩት በላይኛውና በታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ቅባቱ ይወጣል፤ እንባውም በዓይን ገጽ ላይ ይዳረሳል።

ድርቀት የሚከሰተው የሚመነጨው እንባ ሲያንስ፣ ወይም ቅባቱ ጎድሎ እንባው ቶሎ ሲተን ነው። በርካታ ሰዎች ላይ የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት ሲኾን ሁለቱ አብረው የሚከሰቱበት ጊዜም አለ። “ዓይኔ ያነባል እንጂ አልደረቀም” የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የደረቀ ዓይን ሲቆጣ አንጎል ብዙ እንባ በአንድ ጊዜ እንዲፈስስ ያዛል። ይህ እንባ ግን አብዛኛው ውኃ በመኾኑ በጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይንን አያረጥብም።

ድርቀቱን የሚያባብሱ ነገሮች

ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥጥ ግን ይህ ቁጥር በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በኩበትና በእንጨት ጭስ ፊት እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች፣ በነፋስና በአቧራ ውስጥ የሚሠሩ ገበሬዎች፣ ባለሞተሮችና የግንባታ ሠራተኞችም ለችግሩ ይጋለጣሉ። ደጋው አካባቢ በበጋ የሚኖረው ደረቅ አየርም የራሱ ድርሻ አለው።

ዕድሜ ሲገፋ የእንባ መጠን ይቀንሳል፤ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች ላይ ደግሞ ችግሩ ይበልጥ ይታያል። አንዳንድ የአለርጂ፣ የድብርትና የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንባን ያደርቃሉ። የስኳር ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የመገጣጠሚያ ብግነትም ከድርቀት ጋር ይያያዛሉ። መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግን ዓይናቸው ስለ ደረቀ ብቻ በራሳቸው ማቋረጥ የለባቸውም፤ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማቆየት በቆቡ ጠርዝ ላይ የረጋውን ቅባት ያቀልጣል። ውኃው የእጅን ቆዳ የማያቃጥል፣ ለብ ካለው ጥቂት የሞቀ ይኹን። ጨርቁ ሲቀዘቅዝ መልሶ መንከር ያስፈልጋል። ከዚያም የዓይን ቆብን በንጹሕ ጣት ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በዝግታ ማሸትና ጠርዙን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ይህን በየዕለቱ ለሳምንታት የደጋገመ ሰው ለውጡን ያየዋል፤ አንድ ቀን ተሠርቶ የሚተው ግን ፋይዳው ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ዓይንን ማሳረፍ ነው። ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሰዎች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ወደሚርቅ ነገር ቢመለከቱ፣ ዓይናቸውንም ሙሉ በሙሉ እየጨፈኑ ቢያርገበግቡ ይበጃቸዋል። ስክሪኑ ከዓይን ትይዩ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ የዓይን ቆብ ገርበብ ስለሚል የእንባው ትነት ይቀንሳል።

ሦስተኛው አካባቢን ማስተካከል ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም፣ የማብሰያ ቤቱን በርና መስኮት መክፈትና ጭስ መውጫ ማበጀት ዓይንንም ሳንባንም ይጠብቃል። በነፋስ ወቅት ግራና ቀኙን የሚሸፍን መነጽር ማድረግ፣ የቬንትሌተርን ነፋስ ከፊት ማዞርና ከሲጋራ ጭስ መራቅም ይጠቅማል።

አራተኛው ሰው ሠራሽ እንባ ነው። ይህ ጠብታ ዓይንን ለማርጠብ የተዘጋጀ ሲኾን ለብዙዎች ያለ ስጋት የሚያገለግል ነው። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚጠቀም ሰው ግን ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ዓይነት ቢመርጥ ይሻላል፤ ማቆያው ሲደጋገም ራሱ ዓይንን ያስቆጣልና። ጠብታ ሲጨመር እጅን ታጥቦ፣ የታችኛውን ቆብ ዝቅ አድርጎ፣ የጠርሙሱን ጫፍ ዓይን ሳያስነኩ አንድ ጠብታ መጨመርና ዓይንን ለአንድ ደቂቃ ያህል መጨፈን ይበቃል። ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ጊዜ በማሸጊያው ላይ ስለሚጻፍ ማንበብ ይገባል። አንዱን ጠብታ ለቤተሰብ በጋራ መጠቀም ኢንፌክሽን ያስተላልፋል።

የዓሣ ዘይት እንክብልን በተመለከተ በአሜሪካ የተካሄደና በ2018 (እ.አ.አ) ይፋ የኾነ ሰፊ ጥናት ለድርቀት ከወይራ ዘይት እንክብል የተሻለ ጥቅም እንዳላሳየ አመልክቷል። ስለዚህ ውድ እንክብል ከመግዛት በፊት የሞቀውን ጨርቅ መሞከር ያዋጣል።

ለአደጋ የሚያጋልጡ “መፍትሔዎች”

ትልቁ አደጋ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው። ዴክሳሜታዞን የዚህ ዓይነቱ አንዱ ነው። መቅላቱንና ማሳከኩን በፍጥነት ስለሚያጠፋ ሰዎች ደጋግመው ይገዙታል። ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ግን የዓይንን ግፊት ከፍ በማድረግ ግላኮማ ያስከትላል፤ የዓይን ሞራንም ያፋጥናል። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ከዚህም በላይ ግፊቱ ያለ ሕመም ስለሚጨምር ሰውየው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ቴትራሳይክሊን ቅባት የባክቴሪያ መድኃኒት እንጂ የድርቀት መድኃኒት አይደለም። መቅላትን የሚያነጡ ጠብታዎችም ሲደጋገሙ መቅላቱን መልሰው ያመጡታል። የጡት ወተት፣ ምራቅ ወይም የዕፅዋት ጭማቂ ዓይን ውስጥ መጨመር ኢንፌክሽንና ቁስለት ሊያስከትል ይችላል። ኩልም የቅባት ዕጢዎችን አፍ ይደፍናል፤ አንዳንዱ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ስለሚይዝ በተለይ ሕፃናትን አለመኳል ይመረጣል።

ድርቀት የሌላ ሕመም ምልክት ሲኾን

ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ካለባቸው ሀገራት አንዷ ስትኾን የአማራ ክልል ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል። ትራኮማ ለዓመታት ሲመላለስ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠባስሳል፤ እንባን ይቀንሳል፤ ሽፋሽፍትንም ወደ ውስጥ ይቀለብሳል። የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ዓይንን እየፋቀ ስለሚያቆስል ጠብታ አያድነውም። በወረንጦ እየነቀሉ ከመኖር ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የቆብ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ዓይነ ስውርነትን ይከላከላል።

በሕፃናት ላይ የሚታይ ድርቀት ደግሞ የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ሊኾን ይችላል። ልጁ ሲመሽ መንገድ የሚጠፋበት ከኾነ፣ ማለትም ዳፍንት ከታየበት፣ ወይም የዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ አረፋ መሳይ ነጠብጣብ ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ጎመን፣ ካሮት፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ እንቁላልና ጉበት የዚህ ቫይታሚን ምንጮች ናቸው።

ወደ ሐኪም መቼ ይኬዳል?

ጽኑ ሕመም፣ የዕይታ መቀነስ፣ ብርሃን መፍራት፣ መግል፣ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ፣ ወይም በአደጋ የተከተለ መቅላት ካለ በዚያው ቀን መታየት ይገባል። የመነጽር ፋንታ ሌንስ ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉ ሰዎችም ዓይናቸው ከቀላ ሌንሱን ወዲያው አውጥተው ይመርመሩ። እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም በቤት ውስጥ ጥንቃቄው ለጥቂት ሳምንታት ተደርጎ ካልተሻለ ምርመራው ከባድ አይደለም። ሐኪሙ በታችኛው ቆብ ላይ ትንሽ ወረቀት ለ5 ደቂቃ አስቀምጦ የእንባውን መጠን ይለካል፤ በቀለምም የዓይኑን ገጽ ይመለከታል። ለሐኪሙ እስከ ዛሬ የተጠቀሙባቸውን ጠብታዎች በሙሉ ይዘው መሄድና ማሳየት ደግሞ ትክክለኛውን ሕክምና ለማግኘት ያግዛል።