በላዩ 1780 የተጻፈበት ብር

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠሮች ጠገራ ብር ያላየ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ማርትሬዛ የሚሉትም ብዙ ናቸው። በአንድ ፊቱ የንግሥቲቱ ምስል፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ በንስሩ ዙሪያ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ 1780 የሚል ቁጥር ይነበባል። ይህን ቁጥር ይዞ በየገበያውና በየስልኩ የሚዞረው ወሬ አጭር ነው፦ ብሩ ሁለት መቶ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ስለዚህ ሚሊዮን ያወጣል፣ ገዢው ውጭ አገር ነው፣ አገናኙ ደላላ ደግሞ እዚሁ አለ። ወሬው ተስፋ ሰጥቶ ብቻ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን ሰው ይጎዳል። «የምርመራ»፣ «የማስመዝገቢያ» እያለ ቀብድ ተቀብሎ የሚሰወረው ሰው እንጀራው ይህ እምነት ነው። ሚሊዮኑን ሲጠብቅ ከርሞ ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብም መጨረሻ ላይ ብሩን ለመጀመሪያው ጠያቂ፣ በውስጡ ካለው ብር እንኳ ባነሰ ዋጋ አውጥቶ ይሰጣል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

በብሩ ላይ ያለችው ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዢ ነበረች፤ የሞተችውም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 29 ቀን 1780 ነው። በዚያ ጊዜ ገንዘቧ በቀይ ባሕርና በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ነጋዴዎች ዘንድ ተወዳጅ ስለነበር፣ ከሞተች በኋላም ያው ምስል ያው 1780 ሳይለወጥ መመታቱ ቀጠለ። ነጋዴው የለመደውን መልክ እንጂ አዲስ ዓመት አይፈልግም ነበር። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ንግሥቲቱ የሞተችበትን ዓመት ይናገራል እንጂ እጅዎ ላይ ያለው ብር መቼ እንደተመታ አይናገርም። ቪየና መታችው፤ ፕራግ፣ ሚላንና ቬኒስም መቱት። ኦስትሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1858 በአገሯ ውስጥ መገበያያነቱን ስታስቀር እንኳ ለውጭ ገበያ መምታቱን አላቋረጠችም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ማኅተም ከኦስትሪያ ተረክቦ ሮም ላይ አስመታ፤ በማግሥቱ ዓመት ለንደን ተከተለች፤ ኋላም ቦምቤይና በርሚንግሃም ገቡበት። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ጠቅላላ ቁጥሩ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ከወራሪው ጦር ጋር ወደ ወሎ የገባ አንድ ማርትሬዛ 1780 ቢልም ዕድሜው ከአያት ዕድሜ ላይበልጥ ይችላል።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የራሳችን ሳንቲምም እንዲሁ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጡት ከ1 ሳንቲም እስከ 50 ሳንቲም ያሉት ገንዘቦች ላይ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመት አለ። ያ ዓመት ሳይቀየር ከሳንቲሞቹ አንዳንዶቹ ለሠላሳ ዓመት ገደማ በተደጋጋሚ ተመትተዋል። በ1960ዎቹ ከባንክ አዲስ ሆኖ የወጣው ሳንቲምም 1936 ይላል። በደርግ ጊዜ የወጡት የአንበሳ ራስ ያለባቸው ሳንቲሞችም 1969 እያሉ ከ1969 በኋላ ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። ዓመቱ ንድፉ የወጣበት ነው፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ የልደት ቀን አድርጎ ማንበብ ትልቁ ስሕተት ነው።

እምነቱ ግን ፈጽሞ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ዘመን ሲረዝም ብዙው ይቀልጣል፣ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ የቀረው ይወደዳል። እውነትም ውድ የሆኑ የድሮ ገንዘቦች አሉ። የአፄ ምኒልክ ብር በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ መመታት ሲጀምር በክብደቱ ከማርትሬዛው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የለመደውን ማርትሬዛ መረጠ፤ የምኒልክ ብርም ከማርትሬዛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ቀረ። ስለዚህ ባለ ፲፰፻፹፯ው የምኒልክ ብር በላዩ ከተጻፈው ዓመት አንጻር ከማርትሬዛው ከመቶ ዓመት በላይ «ወጣት» ሆኖ ሳለ ሰብሳቢ የሚፈልገው እርሱን ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች አሉ፤ ያረጁና የተበሉት በውጭ ገበያ ከአንድ ንጹሕ የምኒልክ ብር በታች ይሸጣሉ። ዋጋን የሚወስነው ስንት ቀረ፣ በምን ሁኔታ ላይ ነው፣ ፈላጊውስ ስንት ነው የሚለው ነው። ዕድሜ ከእነዚህ አንዱን ሊያግዝ ይችላል፤ ብቻውን ግን ምንም አይወስንም።

ነገሩን በሌላ ዓለም የስብስብ ልማድ ላይ ማየትም ይረዳል። አሜሪካውያን የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስል ያለበትን ካርድ ይሰበስባሉ። እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመ አንድ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ ያው ካርድ፣ ያው ዓመት፣ ጠርዙ ተሸራርፎ መሐሉ ታጥፎ ሲገኝ ግን ዋጋው የዚያ ቅንጣት ብቻ ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰው ሁሉ «ነገ ይወደዳል» ብሎ ሲያከማች አታሚዎቹ ያለ ልክ አተሙ፤ ያ ካርድ ዛሬም ከየጓዳው በካርቶን እየወጣ ገዢ ያጣል። ማርትሬዛም በመቶ ሚሊዮን የተመታ ነው። ይህን እያወቁ በየቪዲዮው «ቤትዎን ይፈትሹ፣ ሚሊየነር ነዎት» የሚሉትን ሰዎች አላዋቂ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሰውን እያሳሳቱ ነው፤ የሚያሳስቱትም ደግሞ ለመሳሳት አቅም የሌለውን ነው።

ሁለተኛው ጎጂ እምነት ብርን ማስዋብ ነው። አመድ፣ ሎሚ፣ አሸዋ፣ ከከተማ የመጣ ማጽጃ፦ «ይንጻ፣ ያብረቅርቅ፣ ያን ጊዜ ዋጋው ይጨምራል» ይባላል። ጌጥ አድርጎ ለሚያስረው ማጽዳት ያስፈልግ ይሆናል፤ ለሰብሳቢ ግን ጥፋት ነው። በፊቱ ላይ ያለው ጥቁር ወይም ቡናማ ሽፋን ከዘመን የመጣ ነው፤ ሲፋቅ ከሥሩ ያለው ቀጭን የምስል ዝርዝር አብሮ ይሄዳል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ይወጣል፤ ያ ጭረት መመለሻ የለውም። የሳንቲም ደረጃ አውጪ ተቋማት እንዲህ ለተፈገፈገው ሳንቲም የደረጃ ቁጥር ከመስጠት ይቆጠባሉ፤ «ተጎድቷል» ብለው ለይተው ይመዘግቡታል። የሚያሳዝነው ደግሞ የቀድሞ ሰዎቻችን የእነዚህን ዝርዝሮች ዋጋ ያውቁ የነበረ መሆኑ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች እንደጻፉት የኢትዮጵያ ገበያተኛ ማርትሬዛ ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ይመለከታል፣ ከምስሉ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ኤስና ኤፍን ይፈልጋል፤ አንዱ የጠፋበትን ይመልሳል። በሰሜኑ የንግድ መንገድ ላይ የጨው አሞሌውን በማርትሬዛ የለወጠው ነጋዴ በዓይኑ ደረጃ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ባለሙያ አንዱን ማርትሬዛ ከሌላው የሚለየው በእነዚያው ምልክቶች ነው፦ የዕንቁዎቹ ብዛት፣ የትከሻ ጌጡ ቅርፅ፣ የንስሩ የጅራት ላባ። በጣም ያለቀ ብር ከሆነ በየት እንደተመታ መለየት ለባለሙያም ሊያስቸግር ይችላል፤ እነዚህን ምልክቶች የሚፈገፍግ ሰው ግን የተረፈውን መለያ በገዛ እጁ ያጠፋል።

«ደረጃ ያልወጣለት ዋጋ የለውም» የሚለውም አለ። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት የአሜሪካ ተቋማት ሳንቲም ተቀብለው ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ቁጥር ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጉታል፤ ክፍያው በየቁራጩ፣ በዶላር ነው፣ የመላኪያው ለብቻ። ለብርቅዬ የምኒልክ ብር ትርጉም ይኖረው ይሆናል። ለ25 ሳንቲም ግን ከሳንቲሙ ዋጋ በላይ መክፈል ነው፤ ማኅተሙም ሳንቲሙን አያስወድደውም፣ ያለበትን ሁኔታ ይመሰክራል እንጂ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ለሰብሳቢ መልካም ዜና ነው፤ ዕድሜ ዋጋን ካልወሰነ፣ ሙሉ ስብስብ ለመሥራትም የባለጸጋ ኪስ አያስፈልግም። «ከምኒልክ ካልጀመርክ ስብስብ አይባልም» የሚለው ብዙ ወጣት ሳይጀምር እንዲተው አድርጓል። ሙሉነት ድንበር ከመምረጥ ይጀምራል። የ1923 ዓ.ም. ሳንቲሞች አምስት ናቸው፦ 1ና 5 መቶኛ ከመዳብ፣ 10፣ 25ና 50 መቶኛ ከኒኬል። የ1936ቱ ደግሞ ከ1 እስከ 25 ሳንቲም መዳብ፣ 50 ሳንቲሙ ብር ነው። በዚህ ውስጥ 25 ሳንቲሙ ልዩ ታሪክ አለው፦ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ አጭበርባሪዎች ብር ቀብተው ከ50 ሳንቲም ጋር ማደባለቅ ሲጀምሩ ጠርዙ እንደ አበባ ተቀረፀ። ስለዚህ ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ የወንጀል ታሪክ በእጁ ይዟል። የ1969ኙ አምስቱ ሳንቲሞች ገና በየጓዳው ጣሳ ውስጥ ናቸው፤ ለምሳሌ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ያለበት የአሉሚኒየም 1 ሳንቲም፣ ጠመንጃ የያዘው ወታደር ያለበት 5 ሳንቲም፣ ደጋ አጋዘን ያለበት 10 ሳንቲም። በእነዚህ ሦስት ስብስቦች ብቻ ከአሥራ አምስት በላይ ቁራጭ፣ የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ ይሟላል። ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቀው ምስሉ ያልተፋቀውን መርጦ መጠበቁ ነው፤ አንድ ጥሩ ቁራጭ ከአምስት ያለቁ ይሻላል።

የወረቀት ብርን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የተቀየሩት የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች እጅግ ብዙ ታትመዋል፤ አንድ የተጨማደደ አሮጌ መቶ ብር ማስታወሻ ነው፣ ሀብት አይደለም። የታጠፈውን በካውያ ማቅናት ወይም የተቀደደውን በፕላስተር ማያያዝም ጉዳቱን ያብሰዋል።

«ችግር የገባበት ቤት ብሩን ሽጦ ልጁን ቢያበላ ምን ክፉ አለው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምንም ክፉ የለውም። ቤተሰብ የራሱን ዕቃ የመሸጥ መብት አለው፤ ቅርስ ነው እያሉ የተራበን ሰው መገሠጽም ነውር ነው። የሚያስፈልገው ባለቤቱ ከመሸጡ በፊት የዋጋውን ወለል ማወቁ ነው። ያልተጎዳ ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። የወርቅና የብር ሱቆች ሚዛን አላቸው፤ አስመዝኖ በውስጡ ያለውን ንጹሕ ብር በዕለቱ የብር ዋጋ ማባዛት ነው። ማንጠልጠያ ከተበየደበት ወይም ከተበሳ ክብደቱ ይለያል፣ ሰብሳቢም ይቀንስለታል። ማግኔት ከያዘው ሐሰተኛ ነው፤ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የተጻፈ የላቲን ጽሑፍ ከሌለውም መጠርጠር ያስፈልጋል። ከዚህ ወለል በታች የሚጠይቅ ገዢ እያታለለ ነው፤ ከዚህ በብዙ እጥፍ አቀርባለሁ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅም እንዲሁ። ገዢው ውጭ አገር ነው ከተባለ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በደላላ ቃል ድንበር የሚያሻግር ሰው ከብሩ በላይ ሊከፍል ይችላል፤ ስለዚህ ገንዘብም ብርም ከእጅ ሳይወጣ በፊት የዞኑን ወይም የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።