ለፎርጅዱ የተሰነዘረው ዱላ በማን ላይ አረፈ?
የጣት ጥፍር የሚያህል ቺፕ ለነጋዴው ያስተማረው

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው አባባል እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 በኤሌክትሮኒክስ ገበያ ቁልጭ ብሎ ታየ። በዚያ ወር ብዙ ባለሙያዎችና አነስተኛ አምራቾች ትናንት ሲሠራ የዋለው ዕቃቸው በማግስቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ሲሰካ የማይታወቅ ሆነባቸው። ዕቃው አልወደቀም፣ ውኃ አልነካውም፣ አልተቃጠለም። የተለወጠው በውስጡ የተጻፈ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ቁጥሩን የለወጠው ደግሞ ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ ያወረደው ድራይቨር ነው።

ዕቃው ዩ.ኤስ.ቢ.ን ወደ ሲሪያል የሚቀይር ትንሽ ቦርድ ነው። የድሮ ኮምፒዩተሮች ከኋላቸው ባለዘጠኝ እግር ሲሪያል ፖርት ነበራቸው። ዩ.ኤስ.ቢ. እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣ በኋላ ያ ፖርት ቀስ በቀስ ከላፕቶፖች ላይ ጠፋ። ማይክሮኮንትሮለሮች ግን የድሮውን ቋንቋ አልተዉም። በር መክፈቻም ይሁን የሙቀት መለኪያ የሚሠራ ሰው ፕሮግራሙን ቺፑ ላይ ለመጫን፣ ከዚያም ቺፑ ምን እያደረገ እንዳለ በጽሑፍ ለማየት በመካከል አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚው ይህ ቦርድ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የአንዱ ማስተላለፊያ ከሌላው መቀበያ ጋር በመስቀል ይገናኛል፤ የሁለቱ መሬት (ግራውንድ) አንድ ይሆናል። ፍጥነቱ በሁለቱም በኩል እኩል መሆን አለበት። በሴኮንድ 115,200 ቢት ከተመረጠ፣ አንድ ፊደል ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚፈጅ፣ በሴኮንድ 11,520 ፊደል ያልፋል ማለት ነው። ፍጥነቱ ከተለያየ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው።

የቦርዱ ነፍስ መሀሉ ላይ ያለው ቺፕ ነው። ለረጅም ጊዜ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ዋና መሥሪያ ቤቱ በስኮትላንድ ግላስጎው የሆነው ኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. ነው። ኤፍ.ቲ. 232 አር.ኤል. የተባለው ቺፑ በቀድሞዎቹ የአርዱዊኖ ቦርዶች ላይም ተገጥሞ ነበር። ስም ያለው ዕቃ ደግሞ አስመሳይ አያጣም። በዚያው በ2014 ቀደም ብሎ የቺፕ መርማሪዎች የኦሪጅናሉንና የፎርጅዱን ሽፋን ገልጠው ውስጣቸውን በማይክሮስኮፕ ፎቶ አነሱ። ከላይ የታተመው ስም አንድ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ንድፍ፣ የኦሪጅናሉን ጠባይ እንዲያስመስል ፕሮግራም የተጫነበት ቺፕ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ድራይቨር ፎርጅዱን ለይቶ የሚመታ ነበር። እያንዳንዱ የዩ.ኤስ.ቢ. ዕቃ ለኮምፒዩተሩ ማንነቱን የሚናገረው በሁለት ቁጥሮች፣ በአምራቹና በምርቱ መለያ ነው። አዲሱ ድራይቨር የፎርጅዱን የምርት መለያ ዜሮ አደረገው። መለያው የተጻፈው በቺፑ ቋሚ ማስታወሻ ውስጥ በመሆኑ ዕቃው ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ቢወሰድም ድራይቨሩ አያገኘውም። በኦሪጅናሉ ላይ ያው ትእዛዝ ምንም አላመጣም።

ጩኸቱ ወዲያው ተነሳ። የኩባንያው ወገን ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ድራይቨሩን ለመጻፍ ገንዘብ ያወጣው እርሱ ሆኖ ሳለ አስመሳዩ በነፃ ይጠቀምበታል። በድራይቨሩ የስምምነት ጽሑፍም ውስጥ ኦሪጅናል ባልሆነ ቺፕ ላይ መጠቀም ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ተጽፎ ነበር። የተጠቃሚው መልስ ደግሞ አጭር ነው፦ ዱላው ያረፈው ፎርጅዱን በሠራው ላይ ሳይሆን ኦሪጅናል ነው ተብሎ በገዛው ላይ ነው። አስመሳዩ ገንዘቡን ከተቀበለ ቆይቷል።

በመጨረሻ ድራይቨሩ ከዊንዶውስ ማሻሻያ ወረደ። የተጎዱትም መለያ ቁጥሩን በድሮው ድራይቨርና በኩባንያው በራሱ የመጻፊያ ፕሮግራም መመለስ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ድራይቨር መለያውን ባይነካም፣ ፎርጅድ ሲያገኝ በተጠቃሚው መልእክት ፈንታ «ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ ተገኝቷል» የሚል ጽሑፍ መላክ ጀመረ። ከማሽን ጋር ለሚነጋገር ሰው ይህ ዕቃው ከመሞቱ ብዙም አይሻልም።

ጉዳዩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አልነበረም። የታይዋኑ ፕሮሊፊክም ፒ.ኤል. 2303 የተባለው ቺፑ በእጅጉ ይመሰልበት ነበር። የቆየው ኤች.ኤክስ.ኤ. ዓይነት በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ከ2012 ጀምሮ የተቋረጠ መሆኑንና ገዢው አቅራቢውን እንዲያነጋግር የሚገልጽ ማስታወቂያ ይወጣል። እዚህ ላይ ኦሪጅናሉን አሮጌ ዕቃ የገዛውም አብሮ ተመታ። አቅራቢው ማለት ደግሞ ነጋዴው ነው።

በአንጻሩ የቻይናው ናንጂንግ ቺንሄንግ ሲ.ኤች. 340 የተባለውን ቺፕ የሚሸጠው በራሱ ስምና በራሱ ድራይቨር ነው። የሌላ ሰው ስም ስላልለበሰ የሚያባርረው የለም። ዛሬ በርካሽ የአርዱዊኖ ቅጂ ቦርዶች ላይ በብዛት የሚታየው እርሱ ነው። ለነጋዴው የሚሰጠው ትምህርትም እዚህ ላይ ነው፤ ርካሽ ዕቃና ፎርጅድ ዕቃ አንድ አይደሉም። በስሙ የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ደንበኛ ያመጣል፤ በሰው ስም የሚሸጥ ግን ዕዳ ይዞ ይመጣል።

ለገዢና ለአስመጪ

ቦርዱን በጅምላ የሚገዛ ሰው ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ናሙና ማንሳት ይጠቅመዋል። የመጀመሪያው ፈተና የቦርዱን ማስተላለፊያና መቀበያ በአንድ ሽቦ ማገናኘት ነው። የተጻፈው ፊደል ተመልሶ ከመጣ ቦርዱ ይሠራል። ነገር ግን ፎርጅዱም ይህን ፈተና ያልፋልና በዚህ ብቻ መታለል አይገባም። ናሙናው ዊንዶውሱ በታደሰና የአምራቹ የቅርብ ድራይቨር በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ መሞከር አለበት። ደረሰኙ ላይም «የዩ.ኤስ.ቢ. ቦርድ» ተብሎ በደፈናው ከሚጻፍ የቺፑ ስም በግልጽ ቢሰፍር ዕቃው ሲመለስ ክርክር ያሳጥራል።

«ተበላሽቶ መጣ» የሚባለው ሁሉ ግን ፎርጅድ አይደለም። ብዙ ቦርዶች በ3.3 እና በ5 ቮልት መካከል መምረጫ አላቸው። ኢ.ኤስ.ፒ. 8266 የተባለው የዋይፋይ ቺፕ የሚፈልገው 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ኃይል ቢሰጠው ሊቃጠል ይችላል። በሌላ በኩል የኤፍ.ቲ. 232 አር. የ3.3 ቮልት መውጫ የሚችለው 50 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። የዋይፋዩ ቺፕ መልእክት ሲልክ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ደጋግሞ ይጠፋል፣ ይነሳል። ገዢው ቦርዱን ይወቅሳል፤ መፍትሔው ግን የተለየ የኃይል ምንጭ ነው። ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ የሚመለስበት ዕቃ ያንሳል።

የ2014ቱ ግርግር ያሳየው፣ ፎርጅድ ዕቃ ተሸጦ ስላለቀ ሒሳቡ ተዘጋ ማለት እንዳልሆነ ነው። ሠሪው ከሄደ፣ ደላላው ኮሚሽኑን ከወሰደ በኋላ አንድ ማለዳ ሒሳቡ እንደገና ሊከፈት ይችላል። ያን ጊዜ ደንበኛው የሚያውቀው የናንጂንግን ወይም የግላስጎውን አድራሻ አይደለም። የሚያውቀው ዕቃውን የሸጠለትን ሱቅ ነው።