የቡና መፈልፈያ ሞተር በክረምት ለምን ይዝጋል?

በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ መፈልፈያውን የሚያሽከረክረው የናፍጣ ሞተር በዓመት የሚሠራው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከጥቅምት ገደማ እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ሳይቀር ሲያጓራ ይቆይና የቀረውን ጊዜ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆሞ ያሳልፋል። አዲሱ ለቀማ ደርሶ የመጀመሪያው እሸት በጆንያ ሲመጣ ሞተሩ አልነሣ ቢል ጉዳቱ በጥገና ወጪ አያበቃም። ለእጥበት የታሰበ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ይኖርበታል፤ ካደረ ሥጋው መብላላት ይጀምርና የቡናውን ጣዕም ያበላሸዋል።

ለመሆኑ ሥራ ሳይሠራ የቆመ ሞተር ምን ያበላሸዋል? አውሮፓና አሜሪካ የሚታተሙ መመሪያዎች ሞተርን ለክረምት ስለማስቀመጥ ሲያስረዱ አስቀድመው የሚያስጠነቅቁት በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው ነው። የእነርሱ ክረምት ብርድ ነው፤ የእኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በምታገኘው ጅማ የሞተር ጠላት በረዶ ሳይሆን እርጥበት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 70 በመቶ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 16 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል። ሌሊት ሙቀቱ ወደ 14 ዲግሪ ሲወርድ ግን አየሩ ሊሸከም የሚችለው 12 ግራም ብቻ ነው። ትርፉ 4 ግራም በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል። አንድ ሊትር በሚይዝ ሲሊንደር ውስጥ ይህ 4 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ ኢምንት ይመስላል። ሆኖም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እኩል ቢሰራጭ ውፍረቱ የማይክሮሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ይሆናል፤ ይኸውም በመቶዎች የሚቆጠር የሞለኪውል ድርብርብ ማለት ነው። ዝገት ለመጀመር ግን ጥቂት ድርብርብ ይበቃዋል። በቆመ ሞተር ውስጥ ደግሞ ክፍት የሆነ ቫልቭ አይጠፋምና ይኸው ሂደት ሌሊት ሌሊት ይደጋገማል። የተፈጠረው ዝገት እንደ አሸዋ ወረቀት ሆኖ ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ፋሻዎቹን ይፍቃል፤ ከባሰም ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቀዋል።

ብዙ ሰው መድኃኒቱን ያወቀ ይመስለዋል፤ በየሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማስነሣት! አሳቡ በጎ ቢሆንም ኬሚስትሪው አይደግፈውም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይሰጣል። አብዛኛው በማርሚታው በኩል ተን ሆኖ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፋሻዎቹ አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ በሚገባ ሳይግል ሞተሩ ከጠፋ ውሃው እዚያው ይቀራል፤ ከነዳጁ ድኝ ከሚገኘው አሲድ ጋርም ይደባለቃል።

ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት የአውሮፕላን ባለሙያዎች ናቸው። ጅማ ለፒስተን አውሮፕላን እንግዳ አይደለችም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳግላስ ዲ.ሲ.-3 አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው ባለ 14 ሲሊንደር ሁለት ሞተሮች ነበሯቸው። እንደ ሴስና 172 ያሉ አነስተኛ አውሮፕላኖችም እስከ ዛሬ በፒስተን ይበርራሉ። የብዙዎቹን ሞተር የሚሠራው ላይካሚንግ አውሮፕላኑ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ፣ ዘይቱ ከ74 እስከ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ፣ ለአንድ ሰዓት እንዲበርር ይመክራል፤ መሬት ላይ ማስነሣት ይህን እንደማይተካም ያሳስባል። ይህ ካልተቻለ መፍትሔው ሞተሩን ዘግቶ ማስተኛት ነው።

የመፈልፈያ ሞተርም በዚሁ ዘዴ ሊተኛ ይችላል። የመጨረሻው ቡና እንደተፈለፈለ፣ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ አሮጌው ዘይት ይፈስሳል፤ አሲዱና ውሃው ያለው በእርሱ ውስጥ ነውና። አዲስ ዘይት ተሞልቶ ሞተሩ ጥቂት ይሠራል። የናፍጣው ታንከር እስከ አፉ ይሞላል፤ ጎዶሎ ታንከር እርጥብ አየር ይስባል፣ ከናፍጣው ሥር በሚጠራቀመው ውሃ ላይም ሻጋታ ይበቅላል። የማቀዝቀዣው ውሃ ይፈስሳል። ከዚያም መካኒኩ የነዳጅ መርጫዎቹን ፈትቶ በየሲሊንደሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ንጹሕ ዘይት ይጨምርና ሞተሩን በእጅ ሁለት ሦስት ዙር ያዞረዋል። ከዚህ በኋላ መንካት የለም! የሚያልፍ ሰው ሁሉ እንዳይጣበቅ እያለ ባዞረው ቁጥር ፋሻዎቹ የዘይቱን ሽፋን ይጠርጉታል።

ዋናው ቁም ነገር መተንፈሻውን መድፈን ነው። የአየር ማስገቢያውና የማርሚታው አፍ በላስቲክ ተሸፍነው ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ፤ ከሽፋኑ ሥር ሲሊካ ጄል የያዘ ከረጢት ቢቀመጥ ይመረጣል። ሰማያዊው ዓይነት እርጥበት ሲጠግብ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ በሙቀት ሲደርቅ ተመልሶ ያገለግላል። ቺንጋው ይላላል፤ ባትሪው ተነቅሎ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። የተደፈነውን ሁሉ የሚዘረዝር ጽሑፍም በማስነሻው ላይ ይንጠለጠላል፤ በመስከረም የሚመጣው ሠራተኛ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።

ያ ሠራተኛ ድፍኖቹን ከከፈተና ማቀዝቀዣውን በውሃ ከሞላ በኋላ፣ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙረው። ዘይት ከፒስተኑ በላይ ተጠራቅሞ ከሆነ ፈሳሽ አይታመቅምና የፒስተኑን ዘንግ ሊያጎብጠው ይችላል። ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣ አያስደነግጥም፤ በመጋዘኑ ወራት ሲሊንደሩን ሲጠብቅ የከረመው ዘይት ነው የሚቃጠለው።